የትንሽ ከተማን ጥንታዊ የእንግዳ ማረፊያ ማደስ፦ ከታሪኩ እስከ ኖራው

በትንሽ ከተማ ዋና መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ የእንግዳ ማረፊያ እጁ የገባለት ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ወይም ግንበኛ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ቢገላበጥ ይሻላል። እንዲህ ያለው ቤት በአንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ አይደለም፤ እያንዳንዱ ባለቤት እንደ እንግዳው ብዛትና እንደ ኪሱ አቅም ክፍል የቀጠለበት፣ በር የደፈነበት፣ ጋጣውን መኪና ማቆሚያ ያደረገበት በመሆኑ፣ የትኛው ግድግዳ መቼ እንደተሠራ ሳያውቁ መዶሻ ማንሳት የማይመለስ ጥፋት ያስከትላል።

ፍለጋውን ከመንገዱ ይጀምሩ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መንገደኛ በፈረስ ሠረገላ ይጓዝ በነበረበት ዘመን ፈረሶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በተጓዙ ቁጥር ይለወጡ ስለነበር፣ ብዙ ማረፊያዎችም የተተከሉት በዚሁ ልክ ነው። ሠረገላ የሚያሳልፈው ሰፊ ቅስት፣ ከኋላ ያለው ግቢ፣ ጋጣውና በላዩ ያለው የድርቆሽ ማከማቻ የዚያ ዘመን አሻራዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1830 በሊቨርፑልና በማንቸስተር መካከል የተከፈተው የባቡር መስመር ያስጀመረው ለውጥ ግን መንገደኛውን ከሠረገላው መንገድ ላይ ወሰደው፤ ባቡር ያልደረሰባቸው ማረፊያዎችም ደኸዩ። ለአዳሹ ይህ ድህነት እንደ በረከት የሚቆጠር ነው፤ ገንዘብ ያጣ ባለቤት አሮጌውን መስኮት አውልቆ አዲስ አይተካምና።

ቀጥሎ መዛግብቱን ያገላብጡ፦ የይዞታና የሽያጭ ውሎችን፣ የግብር መዝገቦችን፣ የመጠጥ ንግድ ፈቃዶችን፣ የእሳት መድን ሰነዶችን፣ የቆዩ የጋዜጣ ማስታወቂያዎችንና ፎቶግራፎችን። ለሽያጭ የወጣ ማስታወቂያ ስንት አልጋ፣ ስንት ጋጣ እንደነበረ ስለሚዘረዝር ከማንኛውም አፈ ታሪክ ይበልጣል። አንድ ታዋቂ ሰው አንድ ሌሊት አድሮበታል የሚለው ወሬ በየማረፊያው የሚነገር ስለሆነ፣ በእንግዶች መዝገብ ላይ ካልተገኘ በስተቀር በመግቢያው ላይ ባይለጠፍ ይመረጣል።

ከወረቀቱ ወደ ቤቱ ሲመለሱ ባትሪና አጉሊ መነጽር ይያዙ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በፊት የነበረው ሚስማር በአንጥረኛ የተቀጠቀጠ፣ ጎኖቹ ያልተስተካከሉ ነው፤ ቀጥሎ በማሽን ከብረት ሉህ የተቆረጠው ጠፍጣፋ ሚስማር መጣ፤ ከሽቦ የሚሠራው ክቡ ሚስማር የገነነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። በወጋግራው ላይ ምንም ያልተሰካበት የመጋጠሚያ ቀዳዳ ካዩ፣ እንጨቱ ከሌላ ቤት መጥቷል፣ አለበለዚያም በዚያ ቦታ የነበረ ግድግዳ ፈርሷል ማለት ነው። በመኝታ ክፍል በር ላይ ባትሪውን ከጎን አስጠግተው ሲያበሩ፣ ከአራትና አምስት ሽፋን ቀለም በታች ተቀብሮ የቆየ የክፍል ቁጥር ቅርጽ ብቅ ሊል ይችላል። ይህን ሁሉ ምንም ሳይነኩ ፎቶግራፍ ያንሱ፣ ይለኩ፣ በንድፉ ላይ ያስፍሩ።

በየትኛው ዘመን መልክ ይታደስ የሚለው ጥያቄ ብዙ ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃና እድሳት የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ እድሳት ግምት ከሚጀምርበት ላይ እንዲቆምና የየዘመኑ አስተዋጽኦ እንዲከበር ይደነግጋል፤ እኔም ወደ አንድ "ንጹሕ" ዘመን ለመመለስ ሲባል የኋለኛውን ሁሉ ማፍረስን አልደግፍም። በለንደን ሳውዝዋርክ የሚገኘው ጆርጅ የተባለ ማረፊያ ባለሰገነት ሕንፃ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ አብዛኛው ክፍሉ ለባቡር ኩባንያ መጋዘን ሲባል ፈረሰ፤ ዛሬ የቀረው አንድ ጎኑ ብቻ ሲሆን፣ ያ ጉድለትም ራሱ የታሪኩ አካል ነው።

የሥራው መጀመሪያ ውኃን ማቆም ነው። የተሰበረ የጣሪያ ክዳን፣ በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ፣ ከጊዜ ብዛት ከፍ ያለና ግድግዳውን የሚያረጥብ የግቢ አፈር ሳይስተካከል የውስጥ ልስን መጠገን ገንዘብ መጣል ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ የሚኖረው የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ስለሆነ፣ ምንጩን ዘግቶ ማድረቅ ብቻውን ብዙ ወጋግራዎችን ያድናል። ጫፉ የበሰበሰ ወጋግራም ሙሉ በሙሉ አይጣልም፤ ጥሩ አናጺ የተበላሸውን ቆርጦ፣ በተመሳሳይ ዝርያ እንጨት አጋድሞ ይቀጥለዋል።

በድንጋይና በጡብ ግንብ ላይ ትልቁ ጥፋት የሚሠራው በሲሚንቶ ነው። ፖርትላንድ ሲሚንቶ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1824 ሲሆን፣ ከዚያ የቀደሙት ግንቦች ዘወትር የሚያያዙት በኖራ ወይም በጭቃ ነበር። ኖራ ለስላሳ ስለሆነ ከግድግዳው እንቅስቃሴ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ እርጥበቱንም በመጋጠሚያው በኩል ያስወጣል። ጠንካራው ሲሚንቶ መውጫውን ሲዘጋበት ውኃው በጡቡ ውስጥ ይወጣል፤ ጨው ወይም ውርጭ ሲጨመርበትም የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። ስለዚህ የላላውን መሙያ በእጅ መሣሪያ ከመጋጠሚያው ስፋት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ጥልቀት ድረስ ያውጡ፣ አቧራውን ጠርገው በውኃ ያርጥቡ፣ ከዚያም አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ ገደማ ንጹሕ፣ ሻካራ አሸዋ ጋር ተቦክቶ ይሞላ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ በዝግታ ስለሆነ፣ ለተወሰኑ ቀናት እርጥብ ጆንያ ይሸፍኑበት፤ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ብርድም አይሥሩ። ግድግዳን በአሸዋ ግፊት ማጽዳት ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም፤ የጡቡን ጠንካራ ቆዳ ገፎ ይሄዳልና።

መስኮቶቹን በተመለከተ፣ ሞገድ የሚያሳየውን አሮጌ መስታወት ያቆዩ፤ የበሰበሰውን የታችኛውን ክፍል ብቻ ይተኩና በተልባ ዘይት ቀለም ይቀቡ። የቆየ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል (በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው) በደረቁ አይፈግፍጉ፣ በእሳትም አያቃጥሉ፤ አርጥበው ይፋቁ፣ ሕፃናትንም ያርቁ።

የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የእሳት ማስጠንቀቂያና ሁለተኛ መውጫ የግድ ናቸው፤ በድርድሩ ላይ መላላት ያለበት ሕንፃው እንጂ የእንግዳው ደኅንነት አይደለም። ያም ሆኖ ሽቦው በቀድሞ የጭስ መውጫ ወይም በወለል ሥር ቢያልፍ፣ መታጠቢያ ቤቱም ግድግዳ ሳይቆረጥ ተነጥሎ ሊነሣ በሚችል ክፍልፋይ ቢሠራ፣ ነገ የተሻለ ሐሳብ ያለው ባለቤት ቤቱን ሳይጎዳ ያነሣዋል። ለእርሱ የሚሆን መዝገብም ያስቀምጡ፦ የኖራው ውህደት፣ የተተኩት ወጋግራዎች፣ የቀለም ሽፋኖቹ ቅደም ተከተል። በአዲሱ እንጨት ላይ ደግሞ እንግዳ በማያየው ጎን ዓመቱን በጋለ ብረት ይተኩሱበት።