አዲሱ ኢንተርኔት ገብቶ ዋይፋዩ ሲቆራረጥ፣ መፍትሔው አሮጌው ራውተር ላይ ነበር

ደሴ ነው የምንኖረው። በስልክ መስመር የሚመጣውን ኢንተርኔት ትተን የሌላ ድርጅት ፎርጂ ራውተር አስገባን። የጓዳው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ አሮጌውን ራውተር አልጣልነውም። እዚያ ዋይፋይ እንዲያደርስልን ከአዲሱ ጋር በኬብል አገናኘነው።

ከዚያ ስልኮቹ «ተገናኝቷል» እያሉ ገጽ አልከፍት አሉ። ትንሽ ይሠራል፣ መልሶ ይጠፋል።

አዲሱን ራውተር በጦሳ ተራራ በኩል ወዳለው መስኮት አዞርነው። ሲም ካርዱን አውጥተን መለስን። ፓኬጁም አላለቀም። ለውጥ የለም።

ፍንጩ የተገኘው የአሮጌውን ኬብል ስንነቅል ነው፤ ሳሎኑ ወዲያው ተስተካከለ። ለካ ሁለቱም ራውተሮች አድራሻቸው 192.168.1.1 ነው፤ ሁለቱም ዲኤችሲፒ (DHCP) በሚባለው አሠራር ለስልኮች አድራሻ ያድላሉ። ከአሮጌው የወሰደ ስልክ ወደተዘጋው መስመር ይላካል።

ላፕቶፕ ከአሮጌው ራውተር ጋር ብቻ በኬብል አገናኙ። ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ጽፋችሁ ግቡ (የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ጀርባ ተለጥፏል)። የላን (LAN፣ የቤት ውስጥ መረብ) ቅንብር ውስጥ አይፒውን (የራውተሩን አድራሻ) 192.168.1.2 አድርጉ፣ ዲኤችሲፒውን አጥፉና ሴቭ በሉ። ላፕቶፑ ቢቋረጥ አትደንግጡ። ከዚያ ኬብሉን ከአዲሱ የላን ቀዳዳ ወደ አሮጌው የላን ቀዳዳ ሰኩ። ዋን (WAN፣ ኢንተርኔት ከውጭ የሚገባበት) በሚለው አይደለም፣ ይህን ልብ በሉልኝ! በመጨረሻ የየስልኩን ዋይፋይ አጥፍታችሁ አብሩ።

አሁን ጓዳም ሳሎንም ይሠራል። አሮጌውን እንደገና መክፈት ከፈለጋችሁ አድራሻው 192.168.1.2 ነው።