ፒዩሪታኖችን ለጎጃም ተማሪዎች እንዴት እናስተምር

በታሪክ ትምህርት ስለ ሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ሲነሣ ፒዩሪታኖች ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ዐረፍተ ነገር ይታለፋሉ። «በእንግሊዝ አገር በሃይማኖታቸው ምክንያት ስለተሳደዱ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ» ይባልና ትምህርቱ ወደ ነጻነት ጦርነት ይዘልላል። በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ ስማቸውን እንጂ ኑሯቸውን አያውቅም። ይህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስም ሆነ በሞጣ፣ በቢቸናም ሆነ በቡሬ ርእሱን ለሚያስተምሩ መምህራን የተዘጋጀ ነው። የጎጃም ተማሪ ቤተ ክርስቲያን የአንድን አጥቢያ ኑሮ እንዴት እንደምትይዝ እያየ ያደገ በመሆኑ ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው መሄድ ይችላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ በግልጽ ካልተነገረው ፒዩሪታኖችን በራሱ ደብር አምሳል መሳሉ አይቀርም።

በቅድሚያ ዘመኑን ያስይዙ፤ እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፒዩሪታኖች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሡ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከሮም ከተለየች በኋላም የካቶሊክ ሥርዓት ቅሪት አልለቀቃትም ብለው የሚሞግቱ ሰዎች ነበሩ። የካህናቱ ልብሰ ተክህኖ፣ በጥምቀት ጊዜ የሚደረገው የመስቀል ምልክት፣ ለቁርባን መንበርከክ እንዲቀር ይጠይቁ ነበር። በ1604 ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በሃምፕተን ኮርት ጠርቶ ቢሰማቸውም አብዛኛውን ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። በ1620 ሜይፍላወር በተባለችው መርከብ ከተሳፈሩት 102 ሰዎች መካከል ጉዞውን የመሩት ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ፈጽመው የተለዩ ነበሩ፤ በ1630 በጆን ዊንትሮፕ መሪነት ተሻግረው ቦስተንን የቆረቆሩት ግን «አልተለየንም፣ እናድሳታለን» የሚሉ ነበሩና ሁለቱን ወገኖች እንዳያቀላቅሏቸው ይጠንቀቁ። ዘመኑ በተማሪው ልብ እንዲቀር ደግሞ ከአገራችን ታሪክ ጋር ያያይዙለት። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በ1622 በይፋ ተቀብለው፣ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ በ1632 ያወጁት በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ ነው። መርጡለ ማርያም ሄዶ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን የገነቡትን ሕንፃ ቅሪት ያየ ልጅ፣ በዚያ ዘመን ሃይማኖትና መንግሥት ምን ያህል ተቆራኝተው እንደነበር ለመረዳት ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ይግቡና ለክፍሉ አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፤ ሰው የቤተ ክርስቲያን አባል የሚሆነው በምንድን ነው? እንደ እኔ እምነት የፒዩሪታኖችን ኑሮ የሚከፍተው ይህ ጥያቄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከመልሱ ይከተላል። ተማሪዎቹ ለመመለስ አይቸገሩም፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸው። ፒዩሪታኖችም የአባሎቻቸውን ሕፃናት ያጠምቁ ነበር። ይሁን እንጂ በኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም ቦስተን በምትገኝበት የሰሜን አሜሪካ ክፍል፣ ጥምቀት ብቻውን ለሙሉ አባልነት አያበቃም ነበር። ምክንያቱም በፕሮቴስታንቱ መምህር በዦን ካልቪን ትምህርት መሠረት እግዚአብሔር የሚድኑትን ዓለም ሳይፈጠር መርጧቸዋል፣ ሰውም በጾሙ፣ በምጽዋቱ ወይም በሌላ በጎ ሥራው ይህን ምርጫ ሊለውጠው አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። ለሰው የቀረለት የጸጋው ምልክት በነፍሱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ዕለት በዕለት መመርመር ነው። ቤተ ክርስቲያንም የሚታዩት ምርጦች ማኅበር እንድትሆን ስለፈለጉ፣ አባል ለመሆን የሚሻ ሰው በጉባኤው ፊት ቆሞ ኃጢአቱ እንዴት እንደተገለጠለት፣ ተስፋ ቆርጦ እንዴት እንደነበረና ጸጋው እንዴት እንደጎበኘው መናገር ነበረበት። ጉባኤው ሰምቶ ይቀበለዋል ወይም ቆይ ይለዋል። በብዙ ቦታ ሴቶች ቃላቸውን ለአገልጋዩ፣ ማለትም ለጉባኤው ሰባኪ፣ ለብቻው ይሰጡና እርሱ ያነብላቸው ነበር። ቶማስ ሼፐርድ የተባለው፣ በቦስተን አጠገብ ያለችው የካምብሪጅ ከተማ አገልጋይ እንዲህ ያሉትን ቃሎች በእጁ ጽፎ ስላቆየ፣ የተራ ገበሬና የቤት ሠራተኛ ድምፅ ሳይቀር እስከ ዛሬ ይሰማል።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የእኛ ሰው የልቡን የሚነግረው ለንስሐ አባቱ ነው፤ ምስጢሩም በሁለቱ መካከል ይቀራል። በቦስተን ግን የነፍስ ታሪክ የአደባባይ ምስክርነት ነበር፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚመዝነውም በእርሱ ነው። ሌላም ንጽጽር አለ። በገጠሩ ጎጃም ብዙ ጎልማሶች «አልበቃሁም» ብለው ሳይቆርቡ ዓመታት ይቆያሉ፤ ሆኖም ከቤተ ክርስቲያን ልጅነት ወጥተዋል የሚላቸው የለም። በኒው ኢንግላንድ ሁሉም ሰው እሑድ መምጣትና ለአገልጋዩ ደመወዝ ማዋጣት ግዴታው ሲሆን፣ ወደ ጌታ ማዕድ የሚቀርቡት ግን ምስክርነታቸው ተቀባይነት ያገኘ ብቻ ነበሩ። ቦስተን ባለችበት ቅኝ ግዛት በማሳቹሴትስ ደግሞ ከ1631 ጀምሮ በቅኝ ግዛቱ ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችሉት የቤተ ክርስቲያን አባል የሆኑ ወንዶች ብቻ እንዲሆኑ ተደነገገ። የልጆቻቸው ትውልድ እንዲህ ያለውን ምስክርነት መስጠት ሲያቅተው፣ የልጅ ልጆቹ ይጠመቁ ወይስ አይጠመቁ የሚል ጭንቀት ተነሣ፤ በ1662 የተሰበሰበው ጉባኤ እንዲጠመቁ ፈቅዶ፣ ወላጆቻቸው ግን ከማዕዱ እንደራቁ እንዲቆዩ ወሰነ።

ተማሪው «ታዲያ ይህ ከእኛ ዘንድ ምንን ይመስላል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ደብሩን ሳይሆን ማኅበሩን ያሳዩት። የአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሁሉንም የምትይዝ ስትሆን፣ የማርያም ወይም የሚካኤል ማኅበር ግን ሰዎች ፈቅደው የሚገቡበት ነው። ማኅበርተኞች በየወሩ ተራ እየገቡ ይደግሳሉ፣ ከመካከላቸው የታመመውን ይጠይቃሉ፣ ሐዘን የገባበትን ያጽናናሉ። የተጣሉ ካሉ ሙሴው ወይም አንድ ሽማግሌ ነገሩን አንሥቶ ያስታርቃቸዋል እንጂ ተኳርፈው ከአንድ ጽዋ አይጠጡም። የፒዩሪታኖች ጉባኤም በቃል ኪዳን የሚቆም ነበር። ጥቂት ሰዎች ለእግዚአብሔርና እርስ በርሳቸው ቃል ይገባሉ፤ አገልጋያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ በላያቸው ጳጳስ የለም። አባል ቢሰክር፣ ቢዋሽ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ቢጣላ መጀመሪያ በግል ይመከራል፣ ቀጥሎ በጉባኤ ፊት ይገሠጻል፣ እምቢ ካለም ይወገዛል። ልዩነቱ፣ የእኛ ማኅበር በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የሚኖር ሲሆን፣ የእነርሱ ጉባኤ ራሱ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው። የአጥቢያውን ሰበካ ጉባኤ ከሀገረ ስብከቱና ከቅዱስ ሲኖዶስ ጋር የሚያገናኘው ዓይነት መዋቅርም አልነበራቸውም።

ሕንፃውን ለማስረዳት ሰሌዳው ላይ ሁለት ሥዕል መሣል ይበቃል። በአንድ ወገን ተማሪው የሚያውቀውን ክብ ቤተ ክርስቲያን ከቅኔ ማኅሌቱ፣ ከቅድስቱና ከመቅደሱ ጋር ይሣሉ፤ በሌላው ወገን መስቀልም ሥዕልም የሌለበት፣ ከፍ ያለ መስበኪያና ተራ አግዳሚ ወንበሮች ብቻ ያሉበትን ቤት ይሣሉ። በዚያ ቤት እሑድ ሁለት ጊዜ ይሰበሰቡ ነበር፤ ስብከቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ጊዜው በአሸዋ ሰዓት ይለካ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ረጅም ዘንግ የያዘ ሰው እየተዘዋወረ የሚያንቀላፋውን ይቀሰቅሳል። የመቀመጫው ቦታ በዕድሜና በክብር ይደለደል ነበር። መዝሙረ ዳዊትን ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ ያዜማሉ፤ ከበሮና ጸናጽል ለለመደ ጆሮ ይህ ሳይደንቀው አይቀርም። በሌላው ቀን ደግሞ የከተማው ነዋሪ ስለ መሬትና ስለ መንገድ የሚመክረው በዚያው ቤት ነበር። ሰንበታቸው ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባ ነበርና ይህን የእኛ ተማሪ ያለ ብዙ ድካም ይረዳዋል። ከበዓላት ጉዳይ ግን መገረሙ አይቀርም፤ በመጽሐፍ ቅዱስ አልታዘዘም በማለት የልደትን በዓል አያከብሩም ነበር፣ እንዲያውም ማሳቹሴትስ ከ1659 እስከ 1681 በዓሉን ያከበረን ሰው አምስት ሽልንግ ትቀጣ ነበር። ምስጢራት ብለው የሚቀበሉት ጥምቀትንና የጌታን እራት ብቻ ነው፤ ጋብቻ በዳኛ ፊት ይፈጸም ነበር።

ትምህርት ቤትን በአጭሩ ይንኩት። ሃርቫርድ በ1636 ተመሠረተ፤ በ1647 ደግሞ 50 አባወራ ያለው ከተማ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምር መምህር እንዲቀጥር፣ 100 አባወራ ያለው የላቲን ትምህርት ቤት እንዲከፍት ታዘዘ። ዓላማው እያንዳንዱ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ እንዲያነብ ነበር። ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዲማ ጊዮርጊስ የሚሄደውን የቆሎ ተማሪ እዚህ ላይ ቢያነሡት ጥሩ ውይይት ይወጣዋል።

ስለ ስደቱ ሲያስተምሩ ግን እውነቱን ሙሉ ያድርጉት። ለራሳቸው አምልኮ ነጻነት ባሕር የተሻገሩት ሰዎች ለሌላው አልፈቀዱም። ሮጀር ዊሊያምስን አባረሩት፣ እርሱም በ1636 ፕሮቪደንስን መሠረተ፤ በቤቷ ሰዎችን ሰብስባ የአገልጋዮቹን ስብከት ትተች የነበረችውን አን ሃቺንሰንን በ1638 አወጡ፤ ሜሪ ዳየርን ኩዌከር በተባለው ሌላ የክርስትና ወገን እምነቷ በ1660 ሰቀሉ። በ1692 በሴለም በጥንቆላ ተከሰው 19 ሰዎች ተሰቅለዋል፣ አንድ ሽማግሌም በድንጋይ ተጭኖ ሞቷል። በሴለም ታሪክ ግን አይጀምሩ፤ ከጀመሩበት ሌላው ሁሉ ይጋረዳል። ተማሪ በዚህ ጊዜ ስለ ቡዳ የሚወራውን ማንሣቱ አይቀርምና፣ ያለ ማስረጃ በሰው ላይ የሚጣል ክስ ምን እንደሚያደርስ በእርጋታ ያወያዩ። እንዲሁም «እነዚህ የዛሬዎቹ ጴንጤዎች ናቸው» የሚል ካለ ያርሙት፤ የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ የተነሣው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ክፍልዎ ውስጥ የተለያየ እምነት ያላቸው ልጆች ተቀምጠው ሊሆን ይችላል።

ለቤት ሥራ ተማሪው ከእናቱ፣ ከአያቱ ወይም ከጎረቤት ማኅበርተኛ ሦስት ነገር ጠይቆ ይጻፍ፤ አዲስ ሰው ወደ ማኅበሩ እንዴት ይገባል? የተጣሉ ሰዎች እንዴት ይታረቃሉ? ከማኅበሩ የሚያስወጣው ምን ዓይነት ጥፋት ነው? በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ስለ 1640ው ቦስተን ይመልስ። ማኅበር የማይጠጣ ቤተሰብ ልጅ ስለ እድር ወይም ስለ መስጊዱ ጀማዓ ሊጠይቅ ይችላል። ሲያርሙ ከተመሳሳይነቱ ይልቅ ልዩነቱን ከነምክንያቱ ላስረዳ ተማሪ የበለጠ ነጥብ ይስጡ።