ከምርቃት በኋላ፦ ጎጃም ላይ ሆኖ ከግራፊክስና ከቪዲዮ ሥራ እንዴት መኖር ይቻላል

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ባነር የሚያሠራ ሰው «የት ተማርክ?» ብሎ አይጠይቅም። «ለቅዳሜ ይደርስልኛል?» ነው የሚለው። ስለዚህ ዲግሪውን ትናንት የያዘ ልጅ ከአሳሳል በፊት ሊለምደው የሚገባ ነገር አለ፤ ማተሚያ ቤት የማይመልሰው፣ ስልክ ላይ የማይበላሽ፣ በቀጠሮው ቀን የሚደርስ ፋይል ማስረከብ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለዚያ የተዘጋጀ ነው።

1. አንድ ዋና፣ አንድ ደጋፊ ሥራ ያዙ

«ሁሉንም እሠራለሁ» የሚል ባለሙያ ሰው አእምሮ ውስጥ አይቀርም። ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት አንድ ዋና ሥራና አንድ ደጋፊ ምረጡ፤ ስትመርጡም የአገሩን ወቅት እዩ። ሠርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ግን የቪዲዮ አንሺ ካሜራ አቧራ ይጠጣል። የተመራቂዎች መጽሔት፣ የምርቃት ባነርና መጥሪያ ደግሞ ወደ ክረምቱ መግቢያ ይመጣል። ቪዲዮን ዋና ያደረገ ሰው ግራፊክስን ደጋፊ ቢያደርግ የጾሙን ወራት ያለ ብድር ይሻገራል።

2. ማሽንና ሶፍትዌር

ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃል። ለግራፊክስ ብቻ ከሆነ 8 ጊጋ ራም ያስኬዳል፤ ለቪዲዮና ለአኒሜሽን ግን 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ ዲስክና ራሱን የቻለ 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሻጩ ፊት 20 ደቂቃ ቪዲዮ አጫውቱ። ሲሞቅ የሚጠፋ ወይም ባትሪው እንደ ውሃ የሚወርድ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ባዶ ነጭ ገጽም ክፈቱ፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ ስክሪን በኋላ ቀለም ሁሉ ያሳስታችኋል።

ሶፍትዌሩ በነጻ ይገኛል፤ ክሪታ ለሥዕል፣ ኢንክስኬፕ ለአርማ፣ ስክራይበስ ለመጽሔት፣ ብሌንደር ለአኒሜሽን። የቪዲዮ ማቀናበሪያው የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂም እስከ 4ኬ ቪዲዮ ያወጣል። ኔት ባለበት ቀን ሙሉ መጫኛቸውን አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አኑሩ፤ ኔት የጠፋ ሳምንት ማሽን ቢበላሽ ሥራ አይቆምም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ ቫይረሱ የደንበኛውን ማሽን ሲበላ የሚጠራው የእናንተ ስም ነው።

ስለ መብራት አንድ ነገር። 15 ሰከንድ አኒሜሽን በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታሰብ 375 ፍሬም ነው። አንዱ ፍሬም 2 ደቂቃ ከፈጀ ሬንደሩ (ማሽኑ ምስሎቹን ሠርቶ ማውጣቱ) 12 ሰዓት ተኩል ይሄዳል። በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል እያወጣችሁ በ11ኛው ሰዓት መብራት ቢጠፋ የምታገኙት የማይከፈት ፋይል ነው። በምትኩ ብሌንደር እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻ በፒኤንጂ ምስል እንዲያስቀምጥ አድርጉ፣ በነባሩ ላይ ደርቦ መጻፍ የሚለውንም ምርጫ አጥፉ። መብራት ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። ምስሎቹን በመጨረሻ ወደ ቪዲዮ መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

3. ፊደሉ ላይ ጊዜ አጥፉ

የውጭ ቪዲዮ እያዩ የተማሩ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ነው። የላቲን ፊደል ማሳመር ያውቃሉ፤ ግዕዙን ግን ኮምፒውተሩ እንደሰጣቸው ለጥፈውት ያልፋሉ።

መጀመሪያ ፎንት። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለመጽሐፍ ጽሑፍ የሚያምር ነጻ ፎንት ነው፤ ነገር ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ደመቅ ይበል ብላችሁ ማወፈሪያውን ስትጫኑ ሶፍትዌሩ የራሱን ውሸተኛ ውፍረት ይጨምርበታል፤ «ቤ» እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት ትደፈንና «ቢ» ትመስላለች። ወፍራም ርእስ ካስፈለገ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም የተዘጋጀውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ተጠቀሙ። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ርእስ የሚለየው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከፊደሉ መጠን 1.4 እስከ 1.6 እጥፍ ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ የላዩ እግር ከታቹ ራስ ጋር ይጋጫል።

ደንበኛው በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ካመጣ ማሽናችሁ ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። በግምት አታርሙት፤ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው የዛሬው አጻጻፍ) እንደገና ተይቡት፤ ለዚህም ዋጋ ጠይቁ።

ሌላው ሞክሼ ፊደል ነው፤ ድምፁ አንድ ሆኖ ቅርጹ የሚለየው። ጎጃም ቅኔ የሚቆጠርበት አገር ነው። ባነራችሁ ሥር የሚያልፈው ሰው ዋሸራ ወይም ጎንጅ ቅኔ ቤት የዋለ ሊሆን ይችላልና «ሥላሴ»ን በእሳቱ ሰ፣ «ምሕረት»ን በሃሌታው ሀ ጽፋችሁ አታመልጡም። በተለይ የንግሥ ባነር ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን የደብሩ ሰው አይቶ «ልክ ነው» ብሎ በቴሌግራም እንዲጽፍላችሁ አድርጉ። በኋላ ስሕተት ሲወጣ ማን እንደሚከፍል የምትለየው ያቺ መልእክት ናት።

4. አምስት ሥራ አዘጋጁ

ሃያ ሥራ አያስፈልግም፤ ሃያ የሚያሳይ ሰው የሚመዘነው በደካማው ነው። የሠራላችሁ ደንበኛ ከሌለ ራሳችሁ ሥራውን ፍጠሩ፣ ነገር ግን «የልምምድ ሥራ» ብላችሁ ጻፉበት። ለምሳሌ የዘጌ ቡና ከረጢት፤ ለጤፍ ነጋዴ አርማና የከረጢት ማኅተም፤ ባለ 8 ገጽ የተመራቂዎች መጽሔት፤ የደንገል ታንኳ ሲሠራ የሚያሳይ 60 ሰከንድ ቪዲዮ (ሠሪውን አስፈቅዳችሁ፣ ለዋለበትም ከፍላችሁ)፤ 15 ሰከንድ አኒሜሽን። በእያንዳንዱ ሥር ሁለት መስመር ጻፉ፦ ችግሩ ምን ነበር፣ ምን ተወሰነ።

የጣና ገዳማት ሥዕል፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሆነ የናርጋ ሥላሴ፣ ለቀለም አመዳደብና ለቦታ አጠቃቀም ሌላ ቦታ የማይገኝ ትምህርት ቤት ነው። ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን የሚሣልበት ልማድ ብቻውን ስለ ገጸ ባሕርይ አሣሣል ብዙ ያስተምራል። ከእነርሱ ተማሩ፤ የቅዱሱን ምስል ቆርጣችሁ የጁስ ማስታወቂያ ላይ ግን አትለጥፉ። ፎቶ ስታነሡ አስፈቅዱ፣ ፍላሽ መብራቱንም አጥፉ።

ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ ከ10 ሜጋ ባይት በታች አድርጋችሁ ስልክ ላይ ያዙ። በቴሌግራም ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ በፎቶ ከተላከ ያሳንሰዋል።

5. ለቪዲዮ የሚጠቅሙ ቁጥሮች

የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። ስልክም ካሜራም ብዙ ጊዜ በ30 ፍሬም ተስተካክሎ ስለሚመጣ አዳራሽ ውስጥ ምስሉ ይርገበገባል። 25 ፍሬምና 1/50 ሸተር (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፋይ) ላይ አድርጉት፣ መርገብገቡ ይጠፋል። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን የምታነሡ ከሆነ 50 ፍሬምና 1/100 ተጠቀሙ፤ በኋላ ወደ 25 ሲወርድ ግልቢያው በግማሽ ፍጥነት ጥርት ብሎ ይታያል። ደጅ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አንሡ፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ከአናት ስለሚወርድ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ድምፅ ሲቀዳ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ከመለኪያው ጣሪያ) በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፤ ዜሮን የነካ ድምፅ አይታረምም።

ዲስክ አስቡ። በሰከንድ 50 ሜጋ ቢት የሚቀዳ ካሜራ በሰዓት 22.5 ጊጋ ይበላል፤ ሁለት ካሜራ 6 ሰዓት ሠርግ ሲቀዳ 270 ጊጋ ነው። ሁለት ዲስክ ላይ ሳይገለበጥ ካርዱን አታጥፉ። ሠርግ አይደገምም።

6. ዋጋ፣ ቀብድ፣ ውል

የጎረቤትን ዋጋ ጠይቆ ትንሽ መቀነስ የብዙዎች ዘዴ ነው፣ ብዙዎችንም ያከሰረ ነው። ሒሳቡን ከራሳችሁ ጀምሩ። እንበል የወር ወጪያችሁ 15,000 ብር፣ ማሽኑ 90,000 ብር ሆኖ በ36 ወር ይተካ፤ በወር 2,500። ድምሩ 17,500 ነው። ከወሩ ውስጥ በእርግጥ የሚከፈልባችሁ 12 ቀን ቢሆን (የቀረው ደንበኛ ፍለጋና ጥበቃ ነው) ቀኑ ወደ 1,460 ብር ይመጣል። 3 ቀን የሚፈጅ አርማ ከ4,380 በታች ከተሸጠ ከኪስ እየተከፈለ ነው።

ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ አትጀምሩ። እርማት ሁለት ጊዜ ብቻ በዋጋው ውስጥ ይካተት፤ ሦስተኛው ይከፈልበታል። ለዘመድም ቢሆን ዋጋው ይጻፍና ቅናሹ ከሥር ይታይ፤ በነጻ የተሠራ ነገር ማለቂያ የለውም። መሥሪያ ቤት ቲን ቁጥርና ደረሰኝ ስለሚጠይቅ ንግድ ፈቃዱን ትልቁ ሥራ ከመምጣቱ በፊት አውጡ።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፣ አንድ ነገር ግን አይጉደል። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤቱ አዛዡ ነው። ስለዚህ «ሥራውን በናሙናነት ማሳየት እችላለሁ፤ ያልተመረጡት ንድፎች የእኔ ናቸው» የሚል መስመር አስገቡ።

7. ማስረከብ

ለባነር፦ 3 ሜትር በ1 ሜትር ፍሌክስ በ100 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 100 ነጥብ) 11,811 በ3,937 ፒክስል ነው። ዳሩ ላይ የገመድ ማስገቢያ ቀለበት ስለሚመታበትና በገመድ ስለሚወጠር ከዳሩ 7 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ጽሑፍ አይግባ።

ለወረቀት፦ 300 ዲፒአይ፣ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ትርፍ። ኤ3 ያለ ትርፉ 3,508 በ4,961 ፒክስል ይሆናል። ቀለሙን ከመጀመሪያው ሲኤምዋይኬ (ማተሚያው የሚጠቀምባቸው አራት ቀለሞች) አድርጉት፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ሲታተም ይሞታል። ትንንሽ ጽሑፍ በጥቁሩ ቀለም ብቻ 100 በመቶ ይሁን፤ ከአራቱም የተቀላቀለ ጥቁር ትንሽ ከተንሸራተተ ፊደሉ ጥላ ያወጣል። በስቴፕለር የሚሰፋ መጽሔት የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ 30 ገጽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሁለት ባዶ ገጽ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ለማተሚያ ቤት የሚሄደው ቅጂ ላይ ፊደላቱ ሁሉ ወደ ቅርጽ ይቀየሩ፤ ያለዚያ የእነርሱ ማሽን ላይ ፎንቱ ከሌለ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። የሚታረመውን ቅጂ ግን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ቅርጽ የሆነ ጽሑፍ ተመልሶ አይተየብም። ፎልደሩን በዓመተ ምሕረት፣ በደንበኛውና በሥራው ስም ሰይሙት። ያው ደንበኛ በዓመቱ ተመልሶ «ቀኑን ብቻ ቀይርልኝ» ይላል፤ የቀን መቀየሪያ ዋጋችሁንም ያኔ ሳይሆን ዛሬ ወስኑት።