በስልክ መፈተሻ ማሽን ላይ ሲግናልና ኖይዝ እንዴት ይስተካከላል?

ስልኩ ኔትወርክ ይይዛል፣ ይለቃል። ይይዛል፣ ይለቃል። ግማሽ ቀን ሙሉ ስልኩን ሳማ ዋልኩ። አንቴናው ነው አልኩ። ኮኔክተሩ ነው አልኩ። ኬብል ቀየርኩ። ጥፋቱ ግን የራሴ ነበር። ማሽኑ ላይ ለሲግናሉ መጠን ያስገባሁት -85 እኔ ያሰብኩት -85 አልነበረም።

ማሽን የምለው «ኮል ቦክስ» የሚባለውን ነው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ የኔትወርክ ማማ መስሎ ስልኩን የሚያነጋግር ሳጥን ነው። የጀርመኑ ሮድ ኤንድ ሽዋርዝ ሲኤምደብልዩ 500፣ የጃፓኑ አንሪትሱ ኤምቲ 8821ሲ እና የአሜሪካው ኪሳይት 8960 ከታወቁት ውስጥ ናቸው። አንድ ስልክ ሲግናል ሲደክምበት ወይም ጫጫታ ሲበዛበት እስከ ምን ድረስ እንደሚችል የሚለካው በእነዚህ ነው። ሲግናሉን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ጫጫታውን፣ ማለትም ኖይዙንም፣ የምትሰጡት እናንተው ናችሁ።

ማሽኑ ላይ ቁጥር ባያችሁ ቁጥር ሁለት ነገር ጠይቁ። ይህ ኃይል በስንት ኸርዝ ስፋት ውስጥ ያለ ነው? የተቆጠረውስ የት ላይ ነው፣ ማሽኑ በር ላይ ወይስ ስልኩ ጋ? ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ስለ ዲቢኤም፣ የሲግናል ኃይል ስለሚለካበት አሃድ፣ ለማያውቅ በአጭሩ። 0 ዲቢኤም አንድ ሚሊዋት ነው፤ -30 ዲቢኤም አንድ ማይክሮዋት ነው። 3 ዲቢ ሲጨመር ኃይሉ እጥፍ ይሆናል፣ 10 ዲቢ ሲጨመር አሥር እጥፍ። -100 ከ-90 ያነሰ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ ማታ ላይ ሲደክማችሁ ግን ታምታታለች።

ምሳሌያችን 10 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው የፎርጂ፣ ማለትም የኤልቲኢ፣ ቻናል ይሁን።

1. ኬብሉ የሚበላውን ለኩ

ስልኩ ያለው ከኬብሉ ማዶ ነው። መሃል ላይ ኬብል፣ ኮኔክተር፣ አንዳንዴም አስማሚ አለ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይበላሉ።

ለመለካት ሲግናል የሚያወጣ መሣሪያና ፓወር ሜትር ይበቃል። መጀመሪያ ያለ ኬብሉ አንብቡ። -10.0 አለ እንበል። ኬብሉን መሃል አስገቡና እንደገና አንብቡ። -11.4 ካለ ኬብሉ 1.4 ዲቢ በልቷል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ የለካችሁትን ግን ለሁሉም አትጠቀሙ። ፍሪኩዌንሲ ከፍ ባለ ቁጥር ኬብል የበለጠ ይበላል። የ800 ሜጋኸርዙን ቁጥር ለ2600 ካስገባችሁ ስህተቱንም አብራችሁ አስገባችሁ። እኔ ኬብሉ ጫፍ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ቁጥሮቹን እጽፍበታለሁ። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

አሁን ቁጥሩን ለማሽኑ ንገሩት። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ ማሽን ቦታውን «ኤክስተርናል አቴኑዌሽን» ይለዋል፤ የጠፋውን ስለሚጠይቅ 1.4 ብላችሁ ትሞላላችሁ። ሌላው «አምፕሊቲዩድ ኦፍሴት» ይለዋል፤ እዚያ -1.4 ነው የሚገባው። ምልክቱን ከገለበጣችሁት ስህተቱ 2.8 ዲቢ ይሆናል። የሲግናሉን ግማሽ ያህል ጣላችሁ ማለት ነው፣ ማንም ሳያስጠነቅቃችሁ።

ስልኩ ራሱም ያስተላልፋል። የፎርጂ ስልክ እስከ 23 ዲቢኤም፣ 200 ሚሊዋት ግድም ያወጣል። የቱጂ፣ ማለትም የጂኤስኤም 900 ስልክ ደግሞ 33 ዲቢኤም፣ ማለትም 2 ዋት ይደርሳል። ስለዚህ ኬብሉን የምትሰኩት የሚያስወጣም የሚያስገባም በሆነው በር ላይ ነው። የሚያስወጣ ብቻ የሆነ በር ላይ ሰክቶ ማሽን ማቃጠል ውድ ትምህርት ነው።

2. የሲግናሉን መጠን አስገቡ

የእኔ ግማሽ ቀን ያለቀው እዚህ ነው።

ጤፍ ስንት ገባ ብላችሁ ጠይቃችሁ ሻጩ አንድ ቁጥር ቢጠራ፣ «በኪሎ ነው በኩንታል?» ትላላችሁ። የሲግናል ቁጥርም እንደዚያው ነው። 10 ሜጋኸርዝ ያለው የኤልቲኢ ቻናል ውስጥ 600 ቀጫጭን ሞገዶች አሉ። እያንዳንዳቸው 15 ኪሎኸርዝ ይይዛሉ። ተደምረው 9 ሜጋኸርዝ ይሆናሉ፤ የቀረው ዳርና ዳር ላይ ባዶ የተተወ ነው። አንዳንዱ ማሽን የአንዷን ቀጭን ሞገድ ኃይል ይጠይቃል። ሌላው የጠቅላላውን። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 27.8 ዲቢ ነው፣ 600 እጥፍ ማለት ነው።

ሲኤምደብልዩ 500 ላይ «አርኤስ ኢፒአርኢ» የሚለው ቦታ የሚጠይቀው የአንዷን ሞገድ ኃይል፣ በ15 ኪሎኸርዝ፣ ነው። -85 ስትሞሉ ከጎኑ ጠቅላላውን አስልቶ -57.2 ዲቢኤም ብሎ ያሳያችኋል። ለጥሩ ሲግናል ይህ ጥሩ መነሻ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን የነበርኩት ጠቅላላውን የሚጠይቅ ማሽን ላይ ነው። በልማድ -85 ብዬ ሞላሁ። እያንዳንዷ ሞገድ የደረሳት -112.8 ሆነ። ስልኩ ቢይዝና ቢለቅ ምን ይገርማል? እኔ ብሆንም እለቅ ነበር።

ቻናሉ 5 ሜጋኸርዝ ከሆነ ልዩነቱ 24.8 ዲቢ ነው። 20 ሜጋኸርዝ ከሆነ 30.8። ከቁጥሩ ጎን የተጻፈችውን ትንሿን ነገር አንብቡ። «ዲቢኤም» ብቻ ነው ወይስ «ዲቢኤም በ15 ኪሎኸርዝ»?

3. መጀመሪያ ስልኩን አገናኙ፣ ኖይዙ ጠፍቶ

የሙከራ ሲም አስገቡ። የአገር ኮዱ 001፣ የኔትወርክ ኮዱ 01 የሆነው ለሙከራ የተመደበ ነው። ኖይዙ መጥፋቱን አረጋግጡና ስልኩ እስኪመዘገብ ጠብቁ። መጀመሪያውኑ ጫጫታ ውስጥ የከተታችሁት ስልክ ባይመዘገብ፣ ጥፋቱ የሲሙ ይሁን የኬብሉ ወይም የኖይዙ በምን ታውቃላችሁ?

ሳምሰንግ ከሆነ *#0011# ስትመቱ ብዙውን ጊዜ ስልኩ ራሱ የሚያነበውን ቁጥር ያሳያችኋል። -85 ሰጥታችሁ -88 ቢል አትደንግጡ። የኤልቲኢ ደረጃው (ስታንዳርዱ) ራሱ በተለመደ ሁኔታ ለስልኩ ንባብ እስከ 6 ዲቢ ወዲያና ወዲህ ይፈቅዳል። -113 ቢል ግን ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ።

4. ኖይዙን አብሩ

ማሽኖቹ ላይ ኖይዙ «ኤደብልዩጂኤን» ተብሎ ታገኙታላችሁ። በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል የተነጠፈ ሹክሹክታ ነው። ሰርግ ድንኳን ውስጥ ስልክ አንስታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ወሳኙ የደዋዩ ድምፅ ብቻውን አይደለም፣ ድምፁ ከሙዚቃው ምን ያህል ይበልጣል የሚለው ነው። ይህ ብልጫ ኤስኤንአር ይባላል። በዲቢ ስለሆነ መቀነስ ብቻ ነው። ሲግናሉ -88፣ ኖይዙ -98 ከሆነ ኤስኤንአሩ 10 ዲቢ ነው። ሁለቱም ግን በአንድ ስፋት፣ ለምሳሌ በ15 ኪሎኸርዝ፣ የተቆጠሩ መሆን አለባቸው። አንዱ በኪሎ ሌላው በኩንታል ከሆነ መቀነሱ ትርጉም የለውም።

-98ን ከኪሴ አላወጣሁትም። የኤልቲኢ ደረጃ በብዙ የመቀበያ ፈተናዎች ላይ የሚጠቀምበት የኖይዝ መጠን ነው፣ በ15 ኪሎኸርዝ። ለምን እሱ ሆነ? ማንኛውም ነገር ሙቀት ስላለው ብቻ ጫጫታ ያወጣል። በክፍል ሙቀት ይህ በአንድ ኸርዝ -174 ዲቢኤም ነው፣ በ15 ኪሎኸርዝ -132 ግድም። ስልኩ ከራሱ የሚጨምረውን 9 ዲቢ ያህል ብናስገባበት -123 ይሆናል። እናንተ የሰጣችሁት -98 ከዚህ በ25 ዲቢ ይበልጣል። የስልኩ የራሱ ጫጫታ ተዋጠ ማለት ነው። ኤስኤንአሩን የምትወስኑት እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ። ኖይዙን -120 ብታደርጉት ኖሮ የስልኩ ጫጫታ ይቀላቀልበትና ስክሪኑ ላይ የምታዩት ኤስኤንአር ውሸት ይሆን ነበር።

ሲግናሉን እዚያው ትታችሁ ኖይዙን በ1 ዲቢ እየጨመራችሁ ስልኩን እዩት። ስልኩ መቸገር የሚጀምርበት ወሰን ላይ ስትቃረቡ በግማሽ ዲቢ ሂዱ።

ማሽኑ «ኦቨርሎድ» ብሎ ቀይ ካበራ አትጨነቁ። ኖይዝ ከአማካዩ ከ10 ዲቢ በላይ ዘለል የሚሉ ጫፎች ስላሉት ማሽኑ ኖይዝ ሲበራ ማውጣት የሚችለው ከፍተኛ መጠን ይቀንሳል። ሁለቱንም እኩል አውርዱ። ኤስኤንአሩ አይነካም።

በነገራችን ላይ በድሮው ሲዲኤምኤ በሚባለው የስልክ ኔትወርክ ኖይዙ ከሲግናሉ ይበልጥ ነበር። እኛም አገር የሲዲኤምኤ ስልክ ይዞ የነበረ ሰው አይጠፋም። በአንዱ የታወቀ ፈተና ሲግናሉ -55፣ ኖይዙ -54 ነው፣ በ1.23 ሜጋኸርዝ። ስልኩ ሲግናሉ የተላከበትን ኮድ ስለሚያውቅ ከጫጫታው ውስጥ ለይቶ ያወጣዋል። የሁለቱ ድምር -51.5 ነው እንጂ -109 አይደለም፤ ዲቢኤም እንዲህ አይደመርም። ስልኩ ጥሪ ሲጀምር በምን ያህል ጉልበት እንደሚልክ የሚገምተውም ከዚህ ድምር ነው። ኖይዝ ስትጨምሩበት ማማው የቀረበው መስሎት ድምፁን ይቀንሳል።

5. ማሽኑን አትመኑት፣ ለኩት

ይቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። ሲግናሉንና ኖይዙን እኩል አድርጉ፣ ኤስኤንአር 0 ይሁን። ኬብሉን ከስልኩ ነቅላችሁ ስፔክትረም አናላይዘር፣ ማለትም ኃይልን በየፍሪኩዌንሲው ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ላይ ሰኩት። 9 ሜጋኸርዙን ብቻ እንዲለካ አድርጉ። ኖይዙን አጥፍታችሁ አንብቡ፣ አብርታችሁ አንብቡ። ልዩነቱ 3 ዲቢ መሆን አለበት።

በፓወር ሜትር ከለካችሁ ግን ከዚያ በላይ ሊያሳይ ይችላል። ፓወር ሜትር ያገኘውን ሁሉ ይደምራል። የማሽኑ ኖይዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሲግናሉ ሰፋ ብሎ ነው የሚነጠፈው። እጥፍ ከሰፋ ጭማሪው 4.8 ዲቢ ይሆናል። ማሽኑ አልተበላሸም፣ የለካችሁት ከቻናሉ ውጭ ያለውንም ጭምር ነው።

ስሜታዊነት ስትለኩ፣ ማለትም ስልኩ ምን ያህል ደካማ ሲግናል እንደሚሰማ ስትፈትኑ፣ ኖይዝ አይበራም። እዚያ የሚፈለገው የስልኩ የራሱ ጫጫታ ነው። በኤልቲኢ ባንድ 1፣ በ10 ሜጋኸርዝ፣ ስልኩ በ-97 ዲቢኤም ለፈተናው ከተመደበው ከፍተኛ የዳታ ፍጥነት 95 በመቶውን ማምጣት አለበት። ይህ -97 ጠቅላላው ነው፤ በ15 ኪሎኸርዝ ሲቆጠር -124.8 ይሆናል። ሁለቱንም መቀበያ አንቴናዎች ማገናኘታችሁን አትርሱ።

ስትጨርሱ ኖይዙን አጥፉና ያስገባችሁትን የኬብል ቁጥር ወደ ዜሮ መልሱ። ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ሌላ ኬብል ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲያማ ይውላል።