የእንግሊዝ ገጠር ግድያ ልብወለድ ስታነቡ ገዳዩን ከመርማሪው ቀድማችሁ እንዴት ትይዙታላችሁ

መጀመሪያ ነገርዬውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ትንሽዬ የእንግሊዝ መንደር አለች፣ ቤተክርስቲያን፣ ፐብ የሚሉት መጠጥ ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ መሀል ላይ ሳር ሜዳ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ የሀብታሞቹ ትልቅ ግቢ። አንድ ቀን ጠዋት ሰራተኛዋ ሻይ ይዛ ስትገባ ሰውዬው ሞቶ ታገኘዋለች። ከዛ በኋላ ተኩስ የለም፣ በመኪና መሳደድ የለም፣ ደሙም ቢሆን እምብዛም አይታይም፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ ይጠያየቃል፣ መጨረሻ ላይ አንዷ ባልቴት ወይም አንዱ መርማሪ ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ "ገዳዩ እከሌ ነው" ይላል። ይሄን አይነቱን ኮዚ ይሉታል፣ ሞቅ ያለ፣ ምቹ እንደማለት። ሰው እየተገደለ ምቹ መባሉ ራሱ ያስቀኛል።

እኔ ለስንት አመት እንደ ማንኛውም ልብወለድ ነበር የማነበው፣ መጨረሻ ላይ ሁሌ እንደተሸወድኩ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ይሄ ጨዋታ ነው፣ ደራሲው ፍንጩን ሁሉ ፊታችሁ ያስቀምጠዋል፣ ግን ሬሳው አጠገብ አያስቀምጠውም፣ እናንተ "ኧረ ይሄ ወሬ አሰለቸኝ" ብላችሁ በምትዘሉት ገጽ ውስጥ ነው የሚጥለው። እንግዲህ እርሳስና ወረቀት ያዙ።

ደረጃ 1፦ ሕጉን እወቁና ስም መዝግቡ

በ1929 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስ፣ ራሱም የዚህ አይነት ልብወለድ ጸሐፊ የነበረ፣ አስር ሕግ አወጣ። ለእኛ የሚጠቅሙንን ብቻ ልንገራችሁ። ገዳዩ ታሪኩ ገና ሲጀምር መጠቀስ አለበት። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አንባቢም ማየት አለበት። ማንም የማያውቀው መርዝ አይፈቀድም፣ ሚስጥራዊ መተላለፊያ ካለ አንድ ብቻ፣ መንታ ወንድም ካለ ደግሞ ቀድሞ ይነገረን፣ መንፈስና አስማት ጭራሽ የለም። በ1930 የተቋቋመው የደራሲዎቹ ማህበር፣ ዲቴክሽን ክለብ፣ አዲስ አባል ሲቀበል ሁሉ በነዚህ ነገሮች ያስምል ነበር፣ ቀልድና ቁምነገር የተቀላቀለበት መሀላ። ሕጉን የጣሱ የሉም አልልም፣ ዝነኛዋ እንግሊዛዊት ደራሲ አጋታ ክሪስቲ ራሷ የክለቡ አባል ሆና ሕግ ማጣመም ነፍሷ ነበር፣ ግን ስታጣምምም ፍንጩን አስቀምጣ ነው።

ይሄ ለእናንተ ምን ማለት ነው፣ ምዕራፍ አስራ አምስት ላይ የመጣ እንግዳ ሰው ገዳይ አይሆንም ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሶስት አራት ምዕራፎች ስማቸው የተነሳውን በሙሉ ጻፉ፣ አትክልተኛውንም፣ ሹፌሩንም፣ የመንደሩን ሀኪምም። አንድ መስመር ብቻ የተሰጠው ሰው ካለ ስሙን አክብቡት። ደራሲው በነጻ ሰው አይቀጥርም።

ደረጃ 2፦ አመተ ምህረቱን ፈልጉ

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ግማሽ መልሱ እዚህ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የእንግሊዝ መንደር በ1925 እና በ1950 አንድ መንደር አይደለም።

ከመጀመሪያው የአለም ጦርነት በኋላ ወንዱ አልቋል፣ በ1921 ቆጠራ ሴቶቹ ከወንዶቹ ከ1.7 ሚሊዮን በላይ በልጠው ተገኙ። እነዛ ሳያገቡ የቀሩ፣ ሹራብ የሚሰሩ፣ መስኮት ዳር ቁጭ ብለው መንደሩን የሚቆጣጠሩ ሴቶች ከሰማይ የወረዱ አይደሉም፣ የዛ ዘመን እውነታ ናቸው። በ1930 የመጀመሪያ ሙሉ ልብወለዷን ያገኘችው የክሪስቲ መርማሪ አሮጊት፣ ሚስ ማርፕልም አንዷ ናት። የትልቁ ግቢ ወራሽ ጦርነት ላይ ሞቶ ይሆናል፣ ወይ "ሞተ" ተብሎ ይሆናል፣ ይቺን ያዟት።

ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ቀድሞ አዲስ ሰው መንደር ሲገባ የሚያውቀው ሰው ደብዳቤ ጽፎ ያስተዋውቀው ነበር፣ አሁን ከሕንድ ጡረታ የወጣ ሻለቃ ነኝ ካለ ሻለቃ ነው፣ ባሌ ሞቶብኝ ነው ካለች ሞቶባታል፣ ማን ያጣራል? እስከ 1952 መታወቂያ፣ እስከ 1954 ድረስ ምግብ በኮታ የሚታደልበት የራሽን ደብተር ነበር፣ ግን ወረቀት ሊሰረቅም ሊፎረጅም ይችላል። ስለዚህ ታሪኩ በ1940ዎቹ መጨረሻ ወይም በ50ዎቹ ከሆነ፣ ከስሙ ጎን አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ ይሄን ሰው ከጦርነቱ በፊት ያወቀው ማን አለ? ማንም ከሌለ ቀይ መስመር።

ሌላው የአመቱ ጥቅም ቅጣቱ ነው። ብሪታኒያ ነፍስ ገዳይን መስቀል ያቆመችው በ1965 ነው፣ መጀመሪያ ለሙከራ፣ በ1969 ለዘለቄታው። ከዛ በፊት በተጻፈው ላይ መርማሪው ስም ሲጠራ ሰው እየገደለ ነው እንደማለት ነው፣ ለዚህም ነው አንዳንዶቹ መጨረሻ ላይ ገዳዩ ራሱን እንዲያጠፋ በር ክፍት የሚተውለት። የተሳሳተ ሰው ከታሰረ ሰዓት እየቆጠረ ነው፣ ልባችሁ ይንጠልጠል።

ደረጃ 3፦ ኑዛዜውን እንደ ጠበቃ አንብቡ

በመንደር ግድያ ውስጥ ፍቅርም ቂምም ይወራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ገንዘብ ነው። ሶስት የእንግሊዝ ሕግ ብቻ እወቁ፣ ደራሲዎቹ እነዚህ ላይ ነው የሚጫወቱት።

አንደኛ፣ በ1837ቱ የኑዛዜ ሕግ መሰረት ሰው ሲያገባ ከዛ በፊት የጻፈው ኑዛዜ ይፈርሳል። አያችሁ? ሽማግሌው ሀብቱን በሙሉ ለእህቱ ልጅ ተናዞ ከዛ በስተርጅና በድብቅ ነርሷን ቢያገባ፣ የእህቱ ልጅ እጁ ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ጥያቄው የእህቱ ልጅ ሰርጉን ያውቅ ነበር ወይ ነው፤ ካላወቀ ለመግደል ምክንያት ነበረው፣ ካወቀ የለውም። ደራሲው "ቅዳሜ ለንደን ደርሶ መጣ" ብሎ በአንድ መስመር ሊያሳልፋት ይችላል፣ እናንተ ግን አታሳልፏት።

ሁለተኛ፣ ኑዛዜ ላይ ሁለት ምስክር ይፈርማል፣ የፈረመው ምስክር ወይም የትዳር ጓደኛው ከዛ ኑዛዜ ምንም አያገኝም። ስለዚህ ምግብ አብሳይዋና አትክልተኛው ተጠርተው ፈረሙ ከተባለ፣ ለነሱ ምንም አልተወላቸውም ማለት ነው፣ ወይም የተዉላቸው ነገር ወድቋል። ተጠርጣሪ በነጻ ቀነሳችሁ።

ሶስተኛውን በጣም ነው የምወደው፣ ገዳይ ከገደለው ሰው አይወርስም። ስለዚህ አንዱ ወራሽ ተፈርዶበት ቢሰቀል ድርሻው ለሌላ ሰው ሊተርፍ ይችላል። ማስረጃው ሁሉ አንድ ሰው ላይ በጣም ሲያምር፣ ጓንቱ፣ የእግር ዱካው፣ መሀረቡ፣ ሁሉም ነገር ልክ ሲሆን፣ "እሱ ቢሰቀል ማን ይጠቀማል" በሉ። አንድ ሞት ሳይሆን ሁለት ሞት ነበር የታቀደው ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን ማን ነገረን?

አጭር ነው። በልቦለዱ ውስጥ ያለ ሰዓት ሁሉ የሰው ወሬ ነው። "የቤተክርስቲያኑ ደወል ስድስት ሲል ሰማሁ" ያለችው ማናት? ተሰብሮ በ10፡20 የቆመ ሰዓት ካያችሁ እኔ አላምነውም፣ ሰዓት መስበር ቀላል ነው። ሀኪሙም "ሲሞት ልክ ዘጠኝ ተኩል ነበር" ካለ አትመኑት፣ ሬሳ መድረቅ የሚጀምረው ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓት ከመንጋጋና ከአንገት ነው፣ ሙሉ ሰውነት እስኪደርቅ አስራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ ክፍሉ ከሞቀ ይፈጥናል፣ ከቀዘቀዘ ይዘገያል። በእንግሊዝ የነሐሴ ሙቀት እሳት ነድዶ ከነበረ ወይም በታኅሣሥ ብርድ መስኮት ተከፍቶ ካደረ፣ እሳቱ ለሙቀት፣ መስኮቱም ለንጹህ አየር አይደለም። የባቡር ሰዓትም እንደዛው፣ በ1960ዎቹ ብዙ የገጠር መስመር ከመዘጋቱ በፊት ብዙ ትንንሽ መንደሮች ጣቢያ ነበራቸው፣ በአራት ሰዓቱ ባቡር ሄዶ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ በብስክሌት መመለስ የታወቀ ዘዴ ነው።

ደረጃ 5፦ የአትክልት ስፍራውን ተመልከቱ

ክሪስቲ በመጀመሪያው ጦርነት ጊዜ በትውልድ ከተማዋ ቶርኪ ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ ነርስ ከዛ የመድሀኒት ክፍል ሰራተኛ ነበረች፣ በ1917 ፈተናውን አልፋ መድሀኒት የመቀመም ፈቃድ አገኘች። የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1920 ሲወጣ መርዙ በትክክል መገለጹን የፋርማሲ መጽሔት ሳይቀር አድንቆላታል። ከሷ በኋላ የመጡትም ይሄን ወረሱ፣ ስለዚህ መርዙ ከሩቅ አይመጣም፣ ከቤት ነው።

በድሮዎቹ ታሪኮች አርሰኒክ ነው፣ ያኔ የዝንብ መግደያ ወረቀት ውስጥ ነበር፣ የአረም ማጥፊያ ውስጥም ነበር። ችግሩ ከ1851 ጀምሮ የሚሸጠው ሰው መዝገብ ላይ ያስፈርም ነበር፣ ገዢውንም ማወቅ ነበረበት፣ ከ1836 ጀምሮ ደግሞ ጄምስ ማርሽ ባወጣው ምርመራ ከሬሳ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ብልጡ ገዳይ ስለዚህ መዝገብ የሌለው ቦታ ይሄዳል፣ ጓሮ። ፎክስግላቭ የሚባለው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሐምራዊ አበባ ልብን ያዛባል፣ ለልብ ድካም መድሀኒት የተሰራውም ከሱ ነው፣ ዊልያም ዊዘሪንግ የሚባል ሀኪም በ1785 ጽፎበታል። ሟች ልብ ታማሚ ከሆነና የሚወስደው ጠብታ ከዚሁ ተክል ከሆነ ሀኪሙ "ልቡ ነው" ብሎ ፈርሞ ይሄዳል፣ ማንም አይመረምርም። ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያለው ጥቁር አረንጓዴ የዩ ዛፍ ደግሞ ከቀዩ ለስላሳ የፍሬው ስጋ በስተቀር ሁሉ ነገሩ መርዝ ነው።

እና አንዲት ሴት ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አበቦቿ ስታወራ ገጹን እንዳትገለብጡ! ምን እንደተከለች ብቻ ሳይሆን ማን ሰላጣ እንደቀጠፈ፣ ማን ጓንት እንዳደረገ፣ ማን ስለ አበባ ምንም አላውቅም ብሎ ከሶስት ምዕራፍ በኋላ አንዱን በስሙ እንደጠራ።

ደረጃ 6፦ ወሬኛዋን አክብሯት

ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ስልክ የምታገናኘውም እሷ ነበረች፣ ማን ለማን ደወለ ታውቃለች፣ ደብዳቤው ላይ የማን እጅ ጽሁፍ እንዳለም ታውቃለች። ፖሊሱ ከለንደን መጥቶ አይሰማትም፣ ሰራተኛዋንም አይሰማም፣ ዕቃ የሚያጥብ ሰው አይን ያለው አይመስለውም። ቡና ላይ ሰፈሩን የምታውቅ ጎረቤት ያላችሁ ሰዎች ይሄ ቶሎ ይገባችኋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የወሬኛዋን አይን እመኑ፣ ትርጉሟን አትመኑ። "ሰማያዊ ኮት የለበሰችው ኤሚሊ ከግቢው ስትወጣ አየሁ" ካለች ያየችው ኮት ነው።

እና ወሬኛዋ "አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ ነገ እነግርሃለሁ" ካለች አለቀላት። ነገን አታይም። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ማን ይሰማ እንደነበር ቶሎ ጻፉ፣ ከዛ ዝርዝር ውጪ ገዳይ የለም ማለት ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ሶስት አራተኛው ላይ መጽሐፉን ዝጉ

ፖሊስ አንድ ሰው ያስራል፣ ሁሉም ይረጋጋል፣ ገና ሰባ ሰማንያ ገጽ ይቀራል። በቃ እዛ ጋ ዝጉት። የታሰረው ሰው አይደለም፣ ገጹ ይነግራችኋል። በወረቀታችሁ ላይ አንድ ስም፣ አንድ ምክንያት፣ አንድ ዘዴ ጻፉ፣ "ወይ ሀኪሙ ወይ የእህት ልጅ" የሚባል ነገር የለም፣ እሱ እኔን ራሴን ለአመታት ያሞኘሁበት ነው። ሁለት ስም መካከል ከተቸገራችሁ፣ አንዱን ከመንደሩ ብታወጡት ምንም የማይጎድል ከመሰለ ግን ደራሲው ግማሽ ገጽ ካወጣበት፣ እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ከተሸነፋችሁ በኋላ

ትሸነፋላችሁ፣ ብዙ ጊዜ። ያኔ መጽሐፉን ለሰው ከማዋሳችሁ በፊት ወደ መጀመሪያው ተመለሱና ገዳዩ የተናገራትን ብቻ አንብቡ፣ ሌላውን ዝለሉ፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንዳንዱ ውሸት እንኳ አልተናገረም፣ "እሱን በሕይወት ያየሁት ማታ ነው" ብሏል፣ ጠዋት አላየሁትም አላለም፣ እናንተ ናችሁ የጨመራችሁለት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስታገኙ ከስሯ አስምሩ፣ የሚዋሳችሁ ሰው እንዳያይባችሁ ግን በእርሳስ፣ ቀስ ብላችሁ።