ስኬቲንግ ላይ ከመዝለላችሁ በፊት ክቧን ልመዷት

ቱሉ ዲምቱም ኮዬ ፈጬም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስኬቲንግ የሚነዱ ልጆች ሁሌ የሚጠይቁኝ ዝላይ ነው፣ አየር ላይ እንዴት ልዙር ነው ጥያቄው፣ እኔ ደሞ መጀመሪያ ክብ ስሩ ነው መልሴ። ለምን ብትሉ ኦንድሬይ ኔፔላ የሚባል የብራቲስላቫ ልጅ እ.ኤ.አ በ1972 ሳፖሮ ላይ በበረዶ ስኬቲንግ የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደው በክብ ነው። ያኔ የነጥቡ ግማሽ የሚያዘው በረዶው ላይ በአንድ እግር ቅርጽ በመሳል ነበር፣ ዳኞች ወርደው የጫማው ምላጭ የተወውን መስመር ያዩታል። ኔፔላ እዛ ላይ አንደኛ ሆነ፣ በነጻው ፕሮግራም፣ ዝላዩ ባለበት ክፍል ማለት ነው፣ ወድቆ አራተኛ ቢወጣም ወርቁን ማንም አልወሰደበትም።

እሺ ቦታ። ኮብልስቶን በጭራሽ አይሆንም፣ ለስላሳ ሲሚንቶ ያለው ፓርኪንግ ፈልጉ፣ ጠዋት መኪኖቹ ሲወጡ ጥበቃውን አስፈቅዱና ጠጠሩን ጠርጉ፣ ዝናብ ከጣለ እስኪደርቅ ጠብቁ። ሄልሜትና የጉልበት መከላከያ ሳታደርጉ እንዳትጀምሩ በጣም ነው የምለምናችሁ። ጫማው ሰልባጅ ከሆነ እያንዳንዱን ጎማ በእጅ አሽከርክሩት፣ የሚንኳኳ ወይ ቶሎ የሚቆም ካለ ኩሽኔታው መቀየር አለበት።

ከዛ 3 ሜትር ሲባጎ፣ አንዱ ጫፉን መሬት ላይ ይያዝ ሌላው በቾክ ይዙር፣ 6 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወጣ ማለት ነው። ጎኑ ላይ የሚነካው ሌላ ክብ ስትጨምሩ 8 ቁጥር ይሆናል። ክቡን እንዳታሳንሱት፣ ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበት ጫማ ጠባብ ክብ ላይ አይታዘዝም።

ሁለቱ ክቦች የሚነካኩበት ላይ ቁሙ፣ በግራ እግር ግፉና በቀኝ እግር ብቻ ሂዱ፣ ጎማው ወደ ውጪ ያጋድል፣ ሰውነታችሁ ወደ ክቡ መሀል። ሲጀመር ቀኝ እጅ ከፊት ግራ እጅ ከኋላ ነው፣ የተነሳው እግርም ከኋላ፣ ግማሽ ላይ ስትደርሱ እግሩን ቀስ አድርጋችሁ ወደፊት አምጡትና እጆቹን ቀይሩ። ጉልበት ታጠፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይነሳ። ብዙዎቻችሁ እግራችሁን ታያላችሁ፣ ተዉት፣ ዓይን ፊት ያለው ቾክ ላይ ነው። መነሻው ጋ ስትመለሱ በግራ እግር ሁለተኛውን ክብ። ግማሽ ላይ ፍጥነት ካለቀባችሁ ሲሚንቶ ስለሆነ ነው፣ መነሻው ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ግፉ።

ይሄ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ኔፔላም በ1964 ኢንስብሩክ ኦሎምፒክ ላይ ገና 13 ዓመቱ ነበር፣ 22ኛ ወጣ፣ በ1968 ግሬኖብል ላይ 8ኛ፣ ከአሰልጣኙ ሂልዳ ሙድራ ጋር ቀጠለና ከ1969 እስከ 1973 በየዓመቱ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ሦስተኛውን የዓለም ሻምፒዮናውንም በ1973 እዛው ብራቲስላቫ በላና ከውድድር ወጣ።

በሁለቱም እግር ከቾኩ ሳትወጡ ሦስት ሦስቴ ከዞራችሁ ያንኑ ወደኋላ ልመዱ። የመጀመሪያ ዝላያችሁ ጎማው ወደ ውጪ ካጋደለ ግራ እግር ወደፊት ተነስቶ፣ አየር ላይ ግማሽ ዞሮ፣ በቀኝ እግር ወደኋላ የሚያርፍ ነው፣ ማረፊያው ያው የለመዳችሁት ክብ ነው። ሌላው የብራቲስላቫ ልጅ ዮዜፍ ሳቦቭቺክ በ1986 ኮፐንሃገን ላይ በአንድ ዝላይ አየር ላይ አራቴ ዞሮ መጀመሪያ ጸደቀለት፣ በኋላ ግን ሌላኛው እግሩ በረዶውን ነክቷል ተብሎ ተሰረዘበት። ስለዚህ ስታርፉ ሦስት ቁጠሩ፣ እስከዛ ሁለተኛው እግር መሬት እንዳይነካ።