አሮጌ ነጠላ ይዛችሁ ጫካ ከወጣችሁ፡ ማጣሪያውን እንዴት ትይዙታላችሁ

እንጦጦ ጀርባ ወይ ሱባ ጫካ ስንወጣ ሁሌ ውሃ የማጣራበት አሮጌ ነጠላ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል ግን ክረምት ላይ ምንጩ ሲደፈርስ ሃይላንዳቸውን ይዘው እኔ ጋ ነው የሚሰለፉት።

መጀመሪያ ይሄን ያዙ፣ ጨርቅ ጭቃና ነፍሳት ነው የሚይዘው እንጂ ጀርም አይገድልም። በፈረንጆች 2003 የወጣ የባንግላዴሽ ጥናት ላይ አሮጌ ሳሪ (ሴቶቹ የሚለብሱት ረጅም ጨርቅ) አጣጥፈው ውሃ ያጣሩ መንደሮች ውስጥ ኮሌራ በግማሽ ገደማ ቀንሷል፣ ግን የኮሌራው ባክቴሪያ ትንንሽ የውሃ ነፍሳት ላይ ተጣብቆ ስለሚሄድ ነው፣ ሌላው ጀርም ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ካጣራችሁ በኋላ አፍሉት፣ እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፣ ወይ ውሃ አጋር (ጀርም የሚገድለው የክሎሪን ፈሳሽ) እላዩ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የአቃቂን ወንዝ ግን እርሱት፣ የፋብሪካ ኬሚካል ጨርቅም እሳትም አያወጣውም።

ነጠላው ብዙ የታጠበ ይሁን፣ ሲያረጅ ክሩ ስለሚንጨባረር ቀዳዳው ይጠባል። ቢያንስ 4 ጊዜ እጠፉትና ጀሪካኑ አፍ ላይ በላስቲክ እሰሩት፣ መሀሉን ትንሽ ጎድጎድ አድርጉት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጥለቱ የሚታይበት ጎን ሁሌ ወደ ላይ ይሁን። አንዴ መሽቶብኝ ገልብጬ አሰርኩትና ጠዋት የያዘውን ጭቃ በሙሉ ወደ ጀሪካኑ አጠበልኝ፣ ቡናችን አፈር አፈር አለ። ውሃው መውረድ እምቢ ካለ ደግሞ በጣት እንዳትጫኑት፣ ቆሻሻውን ወደታች ነው የምትገፉት። ፍቱትና ገልብጣችሁ ከንጹህ ጎኑ በኩል የተጣራ ውሃ አፍስሱበት፣ ጭቃው በመጣበት ይወጣል። ይሄን ከምንጩ ራቅ ብላችሁ አድርጉት እሺ፣ ከታች የሚቀዳ ሰው አለ። ሳሙና ለቤት ነው፣ ቤት ስትገቡ በሳሙና ቀቅላችሁ በደንብ ካላለቀለቃችሁት ግን በሚቀጥለው ጉዞ ሻያችሁ ኦሞ ኦሞ ይላል።

እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ መያዝ የሁሉም ሰው ጥፋት ነው፣ እኔም ሰርቼዋለሁ፣ በማግስቱ ይሸታል፣ ሸተተ ማለት ደግሞ ጀርም ተራብቶበታል ማለት ነው። ሳይቀቀል አትመልሱት። ቁጥቋጦ ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ ይምታው፣ መሬት ላይ አይሆንም ፍግ አለ። ክረምት ፀሐይ ስለሌለ ሁለት ነጠላ ይዛችሁ አፈራርቁ፣ አንዱ ቦርሳ ላይ ተንጠልጥሎ እየሄዳችሁም ቢሆን ንፋስ ያገኘዋል።

ከመታጠፉ በፊት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፣ የተቀደደ ወይ የሳሳ ቦታ ካለ ለወለል መወልወያ ስጡት።